ለእንግዳ የተቀመጠው የኮክ ማርማላታ

በእናቴ ሕግ ጥሩ ነገር ሁሉ የሚቀመጠው ለእንግዳ ነው። ጥሩው ብርጭቆ፣ ጥሩው ሶፋ፣ ጥሩው ፎጣ። እኛ ቤተሰቦቿ በተሰነጠቀው እየጠጣን፣ በተቀደደው ፊታችንን እየጠረግን ነው ያደግነው።

የልደታው ግቢያችን ፈርሶ እዚያው አጠገቡ ኮንዶሚኒየም ስንገባ፣ አባቴ የተከለው የኮክ ዛፍ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ቀረ። የሰፈሩ ልጅ በየዓመቱ ጥሬውን ስለሚጨርሰው አባቴ የገዛ ኮኩን በስሎ ቀምሶት አያውቅም። ባለፈው ጳጉሜ ዘበኛውን ለምኖ አንድ ፌስታል ለቅሞ መጣ። አንዱን ሊገምጥ ሲል እናቴ ነጠቀችውና ሁሉንም በስኳርና በሎሚ ቀቅላ አንድ ጠርሙስ ማርማላታ አደረገችው። «በጋውን ያዘልቀናል» ብላ ቡፌው ውስጥ ቆለፈችበት። በሳምንቱ ዛፉ ተቆረጠ።

«እስቲ ልቅመሰው» አላት አባቴ።

«ለእንግዳ ነው።»

እንግዳስ መጣ። ግን የእኛ አገር እንግዳ ይሉኝታ አለበት፤ ደጋግሞ «በቃኝ» ሳይል አይቀምስም። በማስገደድ የታወቀችው እናቴ ደግሞ፣ ማርማላታው ላይ ሲሆን፣ ገና በመጀመሪያው «በቃኝ» ጠርሙሱን ይዛ እልም ትላለች። የአጎቴ ሚስት እጇን እንደዘረጋች ቀረች። እኔ በሀፍረት ሞትኩ።

ኅዳር ውስጥ አንድ እሁድ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ስከፍት አባቴ ነው። ከረባት አስሮ፣ ሁለት ኪሎ ሙዝ አንጠልጥሏል።

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?» አለ፤ በትዳር ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማውን እየጠረገ።

እናቴ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «ይግቡ፣ ይግቡ! ምነው ጠፉ?» ብላ ጥሩው ሶፋ ላይ አስቀመጠችው። ሕግ ሕግ ነውና ዳቦና ማርማላታ አቀረበች።

ሰውዬው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አይ፣ አይቸገሩ። በልቼ ነው የመጣሁት።»

«እሺ» ብላ አነሳችው።

ራሴን ያዝኩ። አባቴም የሠራው ሥራ ወዲያው ገባው፤ ግን እንግዳ ሆኖ እንዴት ይለምን? ከረባቱን እያስተካከለ ባዶውን ጠረጴዛ ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ። ያኔ ሳቄ ጠፋ።

እናቴ ጠርሙሱን እንደያዘች ቡፌው ጋ ቆመች። ጀርባዋን ሰጥታን፣ «ይሄ ካለቀ እኮ ግቢያችን አለቀ» አለች።

ኮንዶሚኒየሙ ንጹሕ ነው፣ ደረቅ ነው ስትል ነበር የከረመችው። እንዲህ እንደሚያማት አላወቅኩም ነበር፤ ልጇ ሆኜ አለማወቄ አሳፈረኝ።

«አልቋል እኮ» አላት አባቴ፣ እንግድነቱን ትቶ። «ጣዕሙን እንኳ ሳላውቅ ልሙት?»

ተመልሳ አጠገቡ ተቀመጠች። በማንኪያ ሞልታ አጎረሰችው። ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመው።

«እህሳ?»

«ስኳር ብቻ ነው።»

አላመነችም። በዚያው ማንኪያ ቀመሰች፤ ለእኔም ሰጠችኝ። እውነቱን ነው፤ ኮክ ኮክ አይልም። ቢሆንም ሦስታችንም እየተቀባበልን ጠርሙሱን ጨረስነው።