የእትዬ አንጓች ታኮ

ቀድሞ የደረሰኝ ሽታው ነው። ናፍጣ፣ ግራሶና ብዙ ሰው ተቀምጦበት ያረጀ ቆዳ። ባለፈው ክረምት ለሸቀጥ አዲስ አበባ ስሄድ ልጄን ህሊናን ይዣት ነበር፤ ጉዳዬ ለከሰዓት ሲተላለፍብኝ የአሮጌ መኪኖች ሙዚየም ወደሚሉት አዳራሽ ገባን። ሐሳቡ የእሷ ነው። እኔማ አሮጌ መኪና ለማየት መግቢያ የምከፍል ሰው አይደለሁም፤ ደብረ ታቦር መናኸሪያ በነጻ አያለሁ።

ቮልሶቹን፣ የመሳፍንቱን ጥቁር መኪኖች አልፈን አዳራሹ ጥግ ስንደርስ ቆምኩ። ትሬንታ ኳትሮ። ያ አፍንጫው የረዘመ፣ የጣሊያን ጊዜ የጭነት መኪና። ቀይ ገመድ ታጥሮበታል፣ ጎማው ሳይቀር ቀለም ተቀብቷል፣ «አይነካም» ተብሎበታል። ከፊቱ በቆመው ሰሌዳ ላይ የባለቤቱና የሹፌሩ ስም ተጽፏል። ህሊና አጎንብሳ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየችና፣

«አባዬ፣ ታኮው የታለ?» አለችኝ።

ታኮ ከባድ መኪና ዳገት ላይ ወደኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ስር የሚወሸቅ እንጨት ነው። ልጄ ግን የምታውቀው በሱቃችን በር መያዣነቱ ነው። እሱ የእትዬ አንጓች ታኮ ነው።

እትዬ አንጓች ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ነበሩ። ባለቤታቸው ጋሽ መኳንንት ልክ እንደዚህ ያለ ትሬንታ ኳትሮ ነበራቸው፤ ልዩነቱ የሳቸው አይብረቀረቅም፣ ይሄዳል። ወደ ጉና ተራራ ስንወጣ ማርሽ ሊቀየር ሲል የመኪናው ትንፋሽ ይቆረጣል። ያኔ ከኋላ በእግሩ የሚከተለው ረዳት ታኮውን ጎማው ስር ይወሽቃል፤ መኪናው ሲነሳ ታኮውን አንስቶ ይሮጣል። ዳገቱ እስኪያልቅ እንዲህ ነው። የጋሽ መኳንንት አፍ ደግሞ እንደ መኪናቸው ጭስ ማውጫ ስለነበረ ረዳት አይበረክትላቸውም። ሦስተኛው ጥሏቸው በጠፋ ማግስት እትዬ አንጓች መቀነታቸውን አጠበቁ፣ ኮንጎ ጫማቸውን አደረጉ፣ ታኮውን በጠፍር ማንጠልጠያው ይዘው ከመኪናው ኋላ ቆሙ።

ገበያው ሳቀ። ሴት የተከተለችው መኪና ጉና ላይ ይቀራል ብለው ጭነታቸውን ያወረዱም ነበሩ። ከሁሉም አንድ እህል ነጋዴ ነበር፣ ሆዱ ከጆንያው የሚቀድም፤ ከመኪናው አናት ላይ ሆኖ፣

«አንጓች፣ ቤትሽ የሚከተፍ ሽንኩርት ጠፋ?» አላቸው።

«ሽንኩርቱን አንተ ስትመለስ ትከትፋለህ። ዳገቱ ላይ ግን ማን እንደያዘህ ዞር ብለህ እይ» አሉት።

አንድ የገበያ ቀን ከእናቴ ጋር የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር። እናቴ ጨው ጉና ታወጣለች፣ ድንች ታወርዳለች። ሰባት ዓመቴ ነው። ጉሙ ፊታችንን እንደ እርጥብ ጨርቅ ይመታል፤ ከስራችን ሞተሩ ያስላል። የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ማርሹ አልገባም አለ። መኪናው ወደኋላ ሄደ። እላዩ ያለ ሰው ሁሉ ማርያምን ጠራ፤ እኔ በጆንያዎቹ መሐል ወደ ታች አየሁ። እትዬ አንጓች ታኮውን ወሸቁት፤ ጭቃ ነበርና ጎማው ገፍቶ አወጣው። ከሚመጣው ጎማ መሸሽ ይችሉ ነበር። ተንበረከኩና በሁለት እጃቸው መልሰው አስገቡት። ጎማው እንጨቱ ላይ ወጣ፤ ሁለት ጣታቸውም ከስሩ ቀረ። መኪናው ቆመ። ሲጮኹ አልሰማሁም። የሰማሁት «ቀስ ብላችሁ ውረዱ» ሲሉ ነው።

ከተማ ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ነበር። ጋሽ መኳንንት በፍሬናቸው እንዳዳኑን ተወራ። እህል ነጋዴው በሱ ስለት እንደተረፍን ለየመሸታ ቤቱ አስረዳ። ስለ ጣቶቹ ያነሳ ሰው የለም፤ ከእናቴ በቀር፣ የእናቴን ደግሞ ማን ይሰማል።

በሚቀጥለው ገበያ እትዬ አንጓች እጃቸውን በነጠላ ጥለት ጠቅልለው መጡ። ከኋላ አልቆሙም። ታኮውን ተሳፋሪ የሚወጣበት መሰላል ስር አጋድመው ቆሙበት።

«ከዛሬ ወዲያ የሚሳፈር መጀመሪያ እኔን ያስፈቅድ።»

ጋሽ መኳንንት በመስኮት ብቅ አሉ። «አንቺ ሴትዮ፣ ገበያው እኮ እያለፈብን ነው።»

«ይለፍ።»

መጀመሪያ እናቴ አስፈቅዳ ወጣች። ቀስ በቀስ ሌሎቹ። እህል ነጋዴው ፀሐይ አናቱ ላይ እስክትደርስ ጆንያው ላይ ተቀመጠ፤ ሌላ መኪና አልመጣም። በመጨረሻ ተነስቶ መሬት መሬት እያየ፣ «እትዬ አንጓች፣ ይፍቀዱልኝ» አለ።

«ውጣ። ጫማህን ግን አራግፍ።»

መኪናው እስኪሞት ድረስ ሳያስፈቅድ የወጣ የለም። ለቁርጥራጭ ብረት ሲሸጥ ገዢዎቹ ብሎን ሳይቀር ለቅመው ጫኑ፤ ወደ ታኮው እጃቸውን ሲዘረጉ እትዬ አንጓች ቀደሟቸው። «የሸጥነው መኪና ነው። ይሄ የኔ ነው» አሉ። ብዙ ቆይቶ ሱቅ ስከፍት፣ አርጅተው፣ ይዘውት መጡ። «ይሄ በርህ እየተላተመ እንቅልፍ ነሳኝ» ብለው ራሳቸው በሩ ስር ወሸቁት፤ በሦስት ጣት። በዚያው ዓመት አረፉ።

የልጄን ጥያቄ የሙዚየሙ አስጎብኚ ሰምቶ ነበር። ታኮው ጠፍቷል አለ። እኛ ጋ አንድ እንዳለ ስነግረው ስልክ ደውሎ በፈገግታ ተመለሰ።

«ያምጡልን ጋሼ። የሰጪው ስም ይጻፋል።»

አልዋሽም፣ ልቤ ተንቀሳቀሰ። ስሜ ከሱቄ ታፔላ በቀር የትም ተጽፎ አያውቅም።

«የኔን ተወው። ታኮውን የያዙትን ሴትዮ ስም ጻፉ» አልኩት። ማን እንደነበሩም ነገርኩት።

«ሰሌዳው ላይ የምንጽፈው ባለቤትና ሹፌር ነው። ረዳት አንጽፍም።»

«እንግዲያው ታኮም የላችሁ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እንጨት እኮ ነው።»

«እንጨት ከሆነ ቁረጡ። አዲስ አበባ ዛፍ አልጠፋም።»

ህሊና እጄን ይዛ ወደ በሩ ጎተተችኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ የጉና ነፋስ በሩን ሲገፋ፣ አንድ ደንበኛን ታኮው አደናቀፈው። «ይሄን ጉቶ ለምን አትጥሉትም?» እያለ በእግሩ ሊገፋው ሲል ህሊና ከሚዛኑ ኋላ ቀና አለች።

«ሳይገቡ እትዬ አንጓችን ያስፈቅዱ።»

«የታሉ?»

ወደ ታኮው ጠቆመችው። ሰውዬው እኔን አየኝ። ስኳር እየመዘንኩ ነበር፤ ቀና አላልኩም። ሰውዬው እግሩን መለሰ።

«እሺ፣ ይፍቀዱልኝ» አለ፣ ወደ መሬት።

«ይግቡ» አለችው ልጄ። «ጫማዎን ግን ያራግፉ።»

አራገፈ።