የወገዳ ስልክ

ሰሞኑን መምህርቷ ልጄና ባሏ ምሳ ላይ ተከራከሩ። እሷ “ኢንተርኔትን መንግሥት ራሱ ያቅርብ፤ ነጋዴ ገጠር ድረስ አይመጣም” ትላለች። እሱ ደግሞ “መንግሥት የያዘው ሲበላሽ ማን ይጠየቃል?” ይላል። እኔ ኢንተርኔቱን ብዙም አላውቀውም። ስልክን ግን አውቃለሁ፤ እየበላሁ ሐሳቤ የድሮ ወረዳችን ከተማ ወገዳ ገባ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተኝቷል። እግሩ ካልተቆረጠ አይተርፍም ተባለ፤ እሱ ግን “አባቴ በአንደበቱ ካልፈቀደልኝ አላስነካም” ብሎ እንቢ አለ። ቅዳሜ ወገዳ ስልክ ቤት እንድንገኝ የሚል የመጥሪያ ወረቀት በገበያተኛ እጅ ደረሰን። ከአባቴ ጋር በሶ ቋጥረን፣ የመስከረምን ጭቃ እያቦካን ሄድን። ስንደርስ መሥመሩ ተበላሽቷል፤ ሰኞ ኑ አሉን። የወንድሜ እግር ሰኞን ይጠብቅ እንደሆነ ማን ያውቃል? ሁለት ሌሊት ዘመድ ቤት አደርን። አባቴ እህል አልቀመሰም።

ሰኞ መሥመሩ ሠራ። ስልክ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። አባቴ የስልኩን እጀታ ይዞ እንደ ሹክሹክታ ያወራ ጀመር። እኛ ዘንድ ከታመመ ሰው ጋር ድምፅ ከፍ አድርጎ ማውራት ነውር ነው።

“አባባ፣ አይሰማውም፤ ጮክ ይበሉ እንጂ!” አለችው ስልክ የምታገናኘው ልጅ።

“በታመመ ሰው ላይ ይጮኻል እንዴ፣ ልጄ?”

ከኋላችን የቆመ የእህል ነጋዴ አላስችል አለው። “እኚህ ሽማግሌ ለራሳቸው ነው የሚያወሩት! መኪናዬ ቆማለች፣ እኔ ልደውል!”

“ጋሼ፣ ተራዎን ይጠብቁ። ስልኩ የመንግሥት ነው፤ የእርስዎን ያህል የእሳቸውም ነው” አለችና እጀታውን ከአባቴ ተቀበለች። “ምን ልበልልዎ?”

አባቴ በጆሮዋ ነገራት። እሷም ደም ሥሯ እስኪገተር ጮኸች።

“አባትህ ‘እግርህን ተወውና አንተ ና’ ብለዋል! ‘እግዚአብሔር ይማርህ’ ብለዋል!”

ሰልፈኛው በሙሉ “አሜን!” አለ፤ ነጋዴውም ጭምር። እሷ ጥቂት አዳመጠችና ወደ አባቴ ዞረች። “እሺ ብሏል፣ አባባ።” አባቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ወንድሜ በአንድ እግሩ ልጆች ድሮ፣ የልጅ ልጅ አይቶ ነው ያረፈው።

“አባዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?” አለችኝ ልጄ፣ ከሐሳቤ ወደ ምሳው መልሳ።

ነጋዴ ቢሆን ያን መሥመር ለእኛ ብሎ አይዘረጋውም ነበር፤ እውነቷን ነው። ግን የዚያች ቅዳሜ ነገርም ዛሬ ድረስ ከሆዴ አልወጣም።

“የመንግሥት ይሁን” አልኳት። “ሲበላሽ ግን ሰው ስንቁን ቋጥሮ ሳይነሣ ይነገረው።”