በእንግጫው ጉንጉን ላይ የተሰካችው ባሕር ዛፍ

አምባ ጊዮርጊስ ላይ መኪና ስጠብቅ፣ ባሕር ዛፍ እስከ አናቱ የጫነ አይሱዙ አጠገቤ ቆመ። ሌላው ሰው ከጭሱ ይሸሻል፤ እኔ ግን የቅጠሉ ሽታ ልጅ እያለሁ ወዳሳለፍኩት አንድ ዕንቁጣጣሽ ወሰደኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ጎኔ የቆመች ሴትዮ ገላምጣኝ ራቅ አለች። ነገሩን ብታውቅ አብራኝ በሳቀች።

ያደግሁት ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከጨፌው በላይ በተቀመጠች መንደር ነው። ጨፌው ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ረግረግ ሜዳ ነበር። ማለዳ የደጋ ዝዮች ጫጩቶቻቸውን አስከትለው ይወርዱበታል፤ ጋጋኖ ረጅም መንቁሩን ጭቃው ውስጥ እየሰካ ትል ይለቅማል፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ የእንቁራሪቱ ጩኸት ጆሮ አያሰማም። የምንጠጣው ውሃ ከዚያ ነበር። ለትንሣኤ ካህናቱ በየቤቱ የሚያድሉት ቄጠማም ከዚያ ነበር። እኛ ልጃገረዶች ግን ከሁሉ አብልጠን የምንወደው እንግጫ የሚባለውን ለምለም ሣር ነው። ጳጉሜን ሲያልቅ ተጠራርተን፣ እየዘፈንን እንወርድና ከነሥሩ እንነቅለዋለን፤ በማግስቱ ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነን በወላጆቻችን ራስና በቤቱ ምሰሶ ላይ እናደርገዋለን። ጉንጉኑ እስከ መስቀል ይቆይና ከደመራው ጋር ይነዳል። በእንግጫ ነቀላ ቀን ልጃገረድን የሚቆጣ አልነበረም፤ ወግ ነዋ!

ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ነበር። እናቴ "ድምፅህ ወፍራም ስለሆነ ነው የመረጡህ" እያለች ትቀልድበት ነበር። አንድ ክረምት ከወረዳ ትእዛዝ መጣ፤ ጨፌው ባዶ መሬት ነውና ባሕር ዛፍ ይተከልበት ተባለ። ባሕር ዛፍ ስሙ እንደሚናገረው ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው፤ ውሃ ዳር ሲተክሉት ደግሞ መጠጣቱ ልክ የለውም። የማዶው መንደር ከዓመታት በፊት ምንጩ ዳር ተክሎት፣ ዛፉ ሲረዝም ምንጩ ጠፍቶ፣ ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው እኛ ዘንድ ይመጡ ነበር። ይህን የማያውቅ አልነበረም። ግን ዘመቻ ነው፤ በዘመቻ ላይ "ቆይ እስቲ" ያለ የሌላ ቀበሌ ሊቀ መንበር ወህኒ ወርዷል። አባቴ ሕዝቡን ሰብስቦ አስተከለ። ከዚያ ወዲህ በጨፌው በኩል መሄዱን ተወ፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲሄድ በገደሉ በኩል ዞሮ ነበር።

በዚያው ዓመት ጳጉሜን ሲያልቅ እንደ ወጋችን እየዘፈንን ወረድን። ችግኙ በእንግጫው መሀል በረድፍ በረድፍ ቆሟል። ሙሉነሽ የምትባል፣ እጇ ከምላሷ የሚቀድም ጓደኛ ነበረችኝ። አንድ ጭብጥ እንግጫ ስትመዝ አብሮ አንድ ችግኝ መጣላት። ክረምት ያራሰው አፈር ነው፤ ሥሩ ገና አልያዘም። እሷ እኛን አየችን፣ እኛም እሷን። ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላስታውስም፤ ብቻ ያን ቀን ከእንግጫው ይልቅ የነቀልነው ባሕር ዛፍ በዛ። ዘፈናችንን ከፍ አደረግን። ከመንገድ ሆኖ ለሚያየን የዓመቱን ወግ እያደረስን ነው።

መሀል ላይ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ችግኙ ጠፋ ቢባል ታስሮ የሚሄደው አባቴ ነው። ሮጬ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ትቆጣለች ስል ቅርጫቷንና መቆፈሪያዋን አንሥታ ተከተለችኝ። ክምሩን አየችና፣

"ዛፉ ምን በደለ? ቦታው ነው እንጂ ያልሆነው። አንዲትም እንዳትጥሉ፣ ልጆቼ! ሽቅብ ወደ ጭንጫው ተሸከሙልኝ" አለች።

ከጨፌው በላይ ያለው ተዳፋት ለእርሻም ለግጦሽም የማይሆን ጭንጫ ነበር። እሷ እየቆፈረች፣ እኛ እየተሸከምን፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተከልን። ለአባቴ ትንፍሽ ያለ የለም። ካላወቀ አይጠየቅም ብላ ነው እናቴ።

በማግስቱ ጉንጉኑን ምሰሶው ላይ ሰቀልን። ረፋዱ ላይ ከወረዳ እየመጣ ተከላውን የሚከታተለው ወጣት ካድሬ እንኳን አደረሳችሁ ሊለን ገባና፣ አባቴ በክብር ከምሰሶው ሥር አስቀመጠው። ጠላውን ሊጎነጭ ቀና ሲል አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። ለካ ታናሽ እህቴ ውባለም፣ ያማረ መስሏት፣ አንዲት የባሕር ዛፍ ችግኝ ከነሥሯ ጉንጉኑ ላይ ሰክታለች!

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይህ ከየት መጣ?" አለ ካድሬው።

አባቴ ጉንጉኑን አየ። ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያም ጥፍሬ ውስጥ የቀረውን ጭቃ አየ። ገባው።

"ልጆቹ ነቅለውት ነው" አለ። "ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ።"

አላዘዘንም። ስለ ነገሩ የሰማው ገና አሁን ነው። በአባቴ የኮራሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ የዚያን ቀኑን የሚያህል ግን የለም።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። "ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም፣ ጓድ። ይምጡና ይዩት" አለች።

ሁሉም ወጡ፤ እኛም ከኋላ ተከተልን። ችግኙ ተዳፋቱ ላይ፣ ረድፉ ትንሽ ቢንጋደድም፣ ቆሟል። ታች ጨፌው ላይ አንዲት ዝይ ጫጩቶቿን ይዛ እንግጫው ውስጥ ገባች። አባቴ ካድሬውን ለመጀመሪያ ጊዜ "ልጄ" ብሎ ጠራው።

"ልጄ፣ ዛፍ ነው ያላችሁት፤ ዛፉ ይኸው። ውሃው ግን የልጆቻችን ነው። በዚህ የምታስረኝ ከሆነ እጄ ይኸው።"

ካድሬው ቁልቁል ጨፌውን አየ። "የኔም እናት የምትቀዳው ከሩቅ ነው" አለ ዝግ ባለ ድምፅ። "ተዳፋቱ ላይ ተተከለ ብዬ አሳውቃለሁ።" ቃሉንም ጠበቀ። ያ ዘመን ሰውን ሁሉ አላከፋም።

እንግዳው ሲሄድ አባቴ ወደ ቤት ገባ። ዱላ ሊያነሣ ነው ብዬ ከበሩ ጀርባ ተለጠፍኩ። እሱ ግን ጉንጉኑን ከምሰሶው አውርዶ፣ ከነባሕር ዛፉ ራሱ ላይ ደፍቶ፣ በጨፌው መሀል አቋርጦ እየተጎማለለ ወደ ጎረቤት ሄደ። ችግኟ አናቱ ላይ ትወዛወዝ ነበር።

አባቴ ዛሬ የለም። በዚያ አካባቢ የማውቀው ብዙ ጨፌ ታርሷል፤ ገሚሱም ደርቋል፤ የላስቲክ አበባ በምሰሶው ላይ የሚሰቅል ቤትም አይቻለሁ፤ ይከፋኛል። የእኛ ጨፌ ግን አለ። ባለፈው ዕንቁጣጣሽ ሄጄ ልጃገረዶቹን አገኘኋቸው። እንግጫ ሲነቅሉ፣ ከተዳፋቱ ወርዶ የበቀለ የባሕር ዛፍ ቡቃያ ካጋጠማቸው አብረው ይነቅላሉ፤ አንዷንም ጉንጉኑ ላይ ይሰካሉ።

"ይህቺ ደግሞ ለምንድን ናት?" አልኳት አንዷን።

ምንም እንደማያውቅ የከተማ ሰው አየችኝ። "ወግ ነው፣ እትዬ። ከጥንት ከአያት ቅድመ አያቶቻችን የመጣ ነው።"

"ነው እንዴ?" አልኩና፣ ጉንጉኑን እንድታደርግልኝ ራሴን ዝቅ አደረግሁላት።