የጋዜጣ አከራዩ ማመልከቻ

በ1997 የምርጫ ክርክር ሰሞን ካዛንቺስ እንቅልፍ አጥታ ነበር ብል አልዋሸሁም። ማታ በቴሌቪዥን የሰማነውን ጠዋት በጋዜጣ ካላነበብነው አንረካም። ጋዜጣ ደግሞ ማን ይገዛል? ጋዜጣ አከራዩ ደጉ ዘንድ እንከራያለን እንጂ! አጥር ሥር ከደረደራቸው ድንጋዮች አንዱ ላይ ቁጭ ብለህ አንብበህ፣ ሳታጨማድድ ትመልሳለህ። የመስቀለኛ ቃላቱን ጨዋታ በእስክሪብቶ የሞላ ሰው ግን እዚያ ጥግ ሁለተኛ አይቀመጥም።

እኔ ገብረክርስቶስ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ከደጉ ማዶ፣ ቀበሌው በር ላይ፣ የሰው አቤቱታ በታይፕ ስቀጠቅጥ ስለምውል የሱን ስብከት በግዴ እሰማለሁ። ማከራየት ብቻ መቼ ይበቃዋል! መሬት ይሸጥ ይለወጥ ይላል። መንግሥት እጁን ከገበያ ያንሳ፣ ሰው ይወዳደር፣ የተሻለው ያሸንፍ ይላል። ድምፁ ደግሞ የሬዲዮ ነው። ከላንቻ ድረስ እሱን ብሎ የሚመጣ ነበር። ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝና ብዙው ነገሩ አልዋጥ ይለኝ ነበር፤ ግን ምን ልዋሽ፣ ስሰማው ልቤ ይሞቃል።

ታዲያ አንድ ሰኞ ረውዳ መጣች። ወሎ ሰፈር ያደገች፣ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ያጣች ልጅ ናት። ከደጉ አሥር እርምጃ ርቃ አግዳሚ ወንበሮች ደረደረች፣ ትልቅ የፀሐይ ጥላ ዘረጋች፣ ኪራዩንም ከሱ በግማሽ አደረገችው። እስከ ሐሙስ የደጉ ድንጋዮች ባዶአቸውን ቀሩ። ሦስት ልጆቹን የሚያበላው ከዚያ ጥግ ነው። ደንበኞቹ ይባስ ብለው ከረውዳ ጥላ ሥር ሆነው፣ የተሻለው ያሸንፍ ስትል አልነበር ወይ እያሉ ያበሽቁታል።

አርብ ጠዋት ደጉ ፊቱ ጠቁሮ ከፊቴ ተቀመጠ። ማመልከቻ ይጻፉልኝ አለ። ያለ ፈቃድ የምትሠራ፣ ዋጋ የምትሰብር ግለሰብ ትነሳልኝ ይበሉልኝ አለ። አንተስ ፈቃድ አለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ እኔ ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ አለኝ። የገዛ ስብከቱን ሳነሳበት አንገቱን ደፋ።

«ጋሽ ገብሬ፣ እሱ ስለ አገር ነው። ይሄ ስለ እንጀራዬ ነው።»

ተናደድኩ። ግን የሰው እንጀራ ሲነሳ ምን ይባላል? እንደ ልማዴ የካርቦን ቅጂ አስቀርቼ ጻፍኩለት።

ይዞ ቀበሌው ገባ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። የቀበሌው ሹም አንብቦ ደስ አለው። የምን እሷ ብቻ፣ ከዚህ እስከ መስቀል አደባባይ ካንተ በቀር ማንም አያከራይም፣ ማኅተም እመታልሃለሁ አለው። ደጉ ምስጋናውን ሲያዥጎደጉድ ሹሙ አንድ ነገር ጨመረ።

«ታዲያ የምታከራያቸውን ጋዜጦች ጠዋት ጠዋት ለኛ እያሳየህ ነው። የማንፈልጋቸው አሉ።»

ይሄን ስሰማ ጣቴ ታይፑ ላይ ቀረ። ያለነዚያ ጋዜጦች የደጉ ጥግ ምኑ ጥግ ነው? ቀጥሎ የሰማሁት ማመልከቻው በደጉ እጅ ሲቀደድ ነው። ደጉ ሲወጣ ላብ አጥምቆታል፤ ግን ይስቃል።

«ትቀመጥ በቃ! እኔው እገጥማታለሁ» አለኝ።

በማግስቱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ድንጋዩ ላይ ቆመና የማታውን ክርክር ከጋዜጣው ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር፣ አንዱን ተከራካሪ በቀጭን፣ ሌላውን በወፍራም ድምፅ። ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌዎች መጡ። ፊደል ያልቆጠሩ የቀን ሠራተኞች መጡ፤ እነሱን እስከዚያ ቀን ማንም ጋዜጣ አከራይቷቸው አያውቅም። ሁሉም የአቅሙን ይሰጠዋል። እኔም ሥራዬን ትቼ ቆሜ ሰማሁት፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም! በሳምንቱ ድንጋዮቹ ሞልተው የተረፈው ሰው ቆሞ ይሰማ ነበር። የረውዳ ደንበኞችም እንደ ተቀመጡ በነፃ ይሰሙና መከራየቱን ይተዉታል።

ሰኞ ጠዋት ረውዳ ከፊቴ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ማመልከቻ ይጻፉልኝ። ያ ሰውዬ በጩኸቱ ገበያዬን ገደለው፣ ይከልከልልኝ» አለች።

የደንበኛ ምስጢር ማውጣት ልማዴ አይደለም። የዚያን ቀን ግን የካርቦን ቅጂውን ከሳጥኔ አውጥቼ ሰጠኋት። የራሷን ስም ስታገኝ ቆም አለች፤ ከዚያ እስከ ፊርማው ወረደች። ለምን እንዳልነሳች ጠየቀችኝ። ሹሙ ምን እንዳለው፣ ደጉም ምን እንዳደረገ ነገርኳት። ቀና ብላ ማዶ እያነበበ ያለውን ደጉን ረዘም አድርጋ አየችው።

ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተሻገረች። ከአግዳሚዎቿ ሁለቱን እየጎተተች ወስዳ ደጉ ፊት ቆመው ለሚሰሙት ሽማግሌዎች አስቀመጠችላቸው። የወንበሩን ኪራይ ግን አስከፈለቻቸው።