ከሳሽ፣ እስቲ ይራመዱ

ዛሬ ጠዋት በባጃጅ በቆቦ ፍርድ ቤት በር ሳልፍ ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ። ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝና ፍጥነት ጨመረ...

ነገሩ የቆየ ነው። ልጄ ሐያት ትንሽ እያለች ወባ ይዟት አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድናት። መርፌ ወጓት። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ቀኝ እግሯ ግን መጎተት ጀመረ። «ይተዋታል» አሉን። አልተዋትም።

ልክሰስ ብዬ ተነሳሁ። ባለቤቴ ዘይነብ «ማመልከቻ ጸሐፊ ጋ ሂድ፣ እነሱ ያውቁበታል» አለችኝ።

«ወላሂ አላደርገውም! ጎብዬ ትምህርት ቤት አማርኛ የማስተምር ሰው ማመልከቻ ላስጽፍ?»

ራሴው ጻፍኩት። ዳኛውን አንጀታቸውን ልብላ ብዬ በልጄ ስሜት ውስጥ ገብቼ ነው የጻፍኩት። «መርፌውን ከተወጋሁ ወዲህ እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል። ከጓደኞቼ ጋር ገመድ መዝለል ናፈቀኝ...» ከሳሽ በሚለው ላይ ደግሞ የራሴን ስም ከነአያቴ።

ችሎቱ ከዋጃ በኩል በመጡ የመሬት ተከራካሪዎች ጢም ብሏል። ዳኛው አነበቡ። እኔን አዩ። ደግመው አነበቡ።

«ከሳሽ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«እስቲ ይራመዱ።»

ተራመድኩ። እንዲያውም ለችሎቱ ክብር ብዬ ረገጥ ረገጥ አደረግሁ።

«ገመድ መዝለል ናፍቆኛል ይላል...»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «አላህ ያሽርህ» ሲሉኝ ሰማሁ።

«የክሱ ባለቤት ማን ነው?» አሉ ዳኛው።

ከድንጋጤዬ የሰማሁት «ባለቤት» የሚለውን ብቻ ነበር። «ዘይነብ ትባላለች፤ እቤት ናት» አልኳቸው። ዓመት ሙሉ ተማሪ «የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ለይ» እያለ የሚቀጣው ሰውዬ!

ዳኛው ግን አልሳቁም። ረጋ ብለው አስረዱኝ። የተጎዳችው ልጅቷ ናትና ከሳሿም እሷ ናት። ለአካለ መጠን ስላልደረሰች እኛ ወላጆቿ እንደ ሞግዚት በስሟ እናቀርብላታለን። ልጃችን ስለመሆኗ ማስረጃ ይያያዛል፤ ጉዳቱ በመርፌው የመጣ ስለመሆኑም የሐኪሞች ቦርድ ውጤት።

«ደግሞ አይቆዩ። ጊዜው ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። ያኔ እውነት ይዘው ቢመጡም አልሰማዎትም።»

ይቺ አባነነችኝ። ለድርሰቴ ስል የልጄን መብት ላስበላው ነበር።

ደሴ ተመላልሰን የቦርዱን ውጤት አመጣን። ማመልከቻውንም እንደ ሰው አስጻፍኩ። በቀጠሮው ቀን ፖሊሱ ተጣራ።

«ከሳሽ ሕፃን ሐያት!»

ልጄ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ የምታደርገውን አደረገች። እጇን ሽቅብ አውጥታ «አቤት!» አለችና እግሯን እየጎተተች ወደፊት ወጣች። እኔ፣ ያ ሁሉ አንደበት ያለኝ ሰው፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ...

ክሊኒኩ ኋላ የሕክምናዋን ወጪ ሊችል ተስማምቶ ጉዳዩን በእርቅ ጨረሰ። ዛሬ ካልተነገራችሁ በቀር የትኛው እግሯ እንደተጎዳ አትለዩም።

የዚያን ቀን ግን ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ይዛ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ክሱ የኔ ነው አይደል?»

«ያንቺ ነው።»

«ታዲያ አንተ ለምን አለቀስክ?»

«ሞግዚትሽ ነኛ... በስምሽ ነው ያለቀስኩት።»