አርባ አንድ ፊርማ

አስራ አንድ ዓመት የተቀመጠችበትን ወንበር እንደ አዲስ ሰው ተወዳደሪበት አሏት። ጠርቶ የነገራት ሰው እንኳ የለም፤ ጠዋት ስትገባ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ አገኘችው። «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ብዛት አንድ፣ በቋሚነት።» ከሥሩ ሥራው ተዘርዝሯል፤ ማህደር መለየት፣ ማህደር ማውጣት፣ ማህደር መመለስ። ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ እዚህ ቤት ድንች ስልጥ ነው የኖርኩት? አለች በሆዷ።

ሰዉ ሁሉ እትዬ ማህደር ነው የሚላት። ክፍሏ ምድር ቤት ነው። ያለችው አንዲት መስኮት ከጣሪያው ሥር ስለሆነች በሷ የሚታየው የመንገደኛ እግር ብቻ ነው፤ ባለጉዳዩን ከፊቱ በፊት በጫማው ታውቀዋለች። መጀመሪያ የመጣችው ለሦስት ወር ነበር፣ በወሊድ ፈቃድ የወጣች ሴት ተክታ። ሴትዮዋ በዚያው ቀረች፣ እሷም በዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ ኮንትራቷ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የዓመቱ መጨረሻ በደረሰ ቁጥር አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። ዝገት የበላው ሸልፍ፣ አንድ እርከን የጎደለው መሰላል፣ አስነጥሶ የሚገድል አቧራ፤ በዚያ መሃል ስድስት ሺህ ማህደር አለ። የትኛው የት እንዳለ ዓይኗን ጨፍና ትነግራችኋለች።

ዘንድሮ ደግሞ ሰርኩላር መጣ። የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ ኮንትራት የሚባል ነገር አይኖርም፣ ቋሚ ያልሆነ ይሰናበታል ይላል። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ነበር ማለት ሳይሻል አይቀርም። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት አስር መርፌ ላይ ክር አስገብታለት ነው የምትወጣው፤ አስሩ ሲያልቅ የሱም ሥራ ያልቃል። ቤቱ የቆመው በሷ ነው። ይህን ወንበር ካጣች በአርባ ስምንት ዓመቷ ማን ይቀጥራታል?

ለመመዝገብ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ነው፤ «የሥራ ልምድን የሚገልጽ፣ ማህተም ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ የተጻፈ ደብዳቤ»። ቀላል ነው ብላችኋል አይደል? እሷም እንደዚያው ነበር ያለችው። የሰው ሀብት ክፍል ጸሐፊዋ ግን ማህደርሽን አምጪ አለቻት፤ ኮንትራቶቹ ሳይታዩ ደብዳቤ አይጻፍም። እትዬ ማህደር ወደ ክፍሏ ወረደች፣ መሰላሉን አስደገፈች፣ የራሷን ማህደር ቦታ ብትዳስስ ባዶ ነው።

የመዝገብ ቤት ደንብ እንዲህ ነው፤ ማህደር ሲወጣ በቦታው ካርድ ይገባል፣ ወሳጁ ካርዱ ላይ ይፈርማል። ሲመለስ ደግሞ እሷ «ተመልሷል» ብላ ትፈርምና ካርዱ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሳጥኑን ከፍታ ካርዷን አገኘችው። ማህደሯን የወሰደው ከሦስት ዓመት በፊት የሰው ሀብት ኃላፊው ነው፣ ቋሚ ላስደርግሽ ብሎ። ከጎኑ «ተመልሷል» ይላል። ፊርማው የራሷ ነው።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኃላፊውን ሠራተኛው አቶ ስብሰባ ይለዋል፤ ምክንያቱን መናገር አያስፈልግም። አምና የቁጥጥር ቡድን ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ምድር ቤት ወረደ። አርባ አንድ ማህደር በስሙ ወጥቶ ነበር። እህቴ አላት። እህቴ! ስሟን እንኳ በቅጡ አያውቀውም። ካርዶቹን ዝጊልኝ፣ ነገ ጠዋት ማህደሮቹን ራሴ ተሸክሜ አመጣቸዋለሁ፣ ያንቺንም ጉዳይ አልረሳሁትም አላት። እሷም ፈረመች። እጄን በቆረጠው ትላለች አሁን። አርባ አንዱንም ስትፈርም የራሷ ካርድ መሃላቸው እንዳለ እንኳ ልብ አላለችም። ተቆጣጣሪዎቹ መጡ፣ ሳጥኑን አዩ፣ ጎሽ ብለው ሄዱ። ያ ነገ ጠዋት ግን እስከ ዛሬ አልነጋም።

ከሁሉ የሚያንገበግባት ሌላ ነው። ከአርባ አንዱ አንደኛው የአንድ ጡረተኛ አናጺ ማህደር ነው። ተረከዙ የተበላ ቡናማ ጫማ ያለው ሽማግሌ ነው፤ የጡረታ ጉዳዩ እዚያ ማህደር ላይ ተንጠልጥሏል። ያ ጫማ በመስኮቷ ባለፈ ቁጥር አንገቷን ትደፋለች። ዘጠኝ ጊዜ መጣ። ዘጠኝ ጊዜ «አባባ፣ ነገ ይመለሱ» አለችው። ነገ ማለትን ከማን ተማረችው? ተዉት።

አስራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አቶ ስብሰባ በር ላይ ተገተረች። ስብሰባ ላይ ናቸው። ሥልጠና ላይ ናቸው። መስክ ወጥተዋል። አሁን ነበሩ፣ አሁን ወጡ። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ያዘችው። ካርዱ ተመልሷል ካለ የጠፋው አንቺ ዘንድ ነው፣ በደንብ ፈልጊ ብሏት አለፈ። በደንብ ፈልጊ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ውሎ አድሮ ደግሞ ሌላ ሰማች፤ ለቦታው የሚስቱ እህት ልጅ ተመዝግባለች። ይህን ለባሏ ብትነግረው መቀሱን አስቀመጠና፣ ተይው የኔ እመቤት፣ ከሹም ጋር ተጣልቶ ማን ያሸንፋል አላት። በሱም ተናደደች። የተናደደችው ደግሞ እውነቱን ስለሆነ ነው።

ምዝገባው የሚዘጋው ዓርብ በአስራ አንድ ሰዓት ነው። ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ እዚያው በር ላይ ቆማለች። ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል። ጸሐፊዋ ንፋስ እንዲገባላት የኃላፊውን ክፍል በር ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ እሱ እንደ ልማዱ ስብሰባ ላይ ነው። እትዬ ማህደር ዓይኗን ወደ ውስጥ ጣል አደረገች። መስኮቱ ሥር ማራገቢያ ቆሟል። ማራገቢያው የቆመበትን ስታይ ደሟ ፈላ። ማህደር ነው። አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሯል፣ ንፋሱ ከሰውየው ፊት እንዲደርስለት። ጀርባቸው ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የማን እንደሆነ አልጠፋትም፣ የራሷ ነው። የስንት ሰው ዕድሜ ቆልሎ ላብ ማድረቂያ አደረገው፣ ይሄ የሰው ጉድ!

ማንንም አላስፈቀደችም። ገባች፣ ማራገቢያውን ነቀለች፣ አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከላይ ስድስተኛው የአናጺው ነው። ከሁሉም ሥር፣ የዚያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ የተጨፈለቀው የሷ ነው። አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ብድግ ስትል አቶ ስብሰባ በሩ ላይ ቆሟል።

ማን ፈቀደልሽ አላት። ማህደሬ ይኸው፣ የሥራ ልምዴን ይጻፉልኝ አለችው። ሰውየው አልደነገጠም፣ የሚያበግነውም ይሄው ነው። ተደላድሎ ተቀመጠና ለሕፃን እንደሚነግር ያስረዳት ጀመር። ማህደሩ እዚህ ከተገኘ ያንቺ ፊርማ ሐሰት ነው ማለት ነው አላት፤ ሐሰተኛ ፊርማ በዲሲፕሊን ያስጠይቃል፤ እሱ ግን እንደ እህቱ ስለሚያያት ሊያልፈው ዝግጁ ነው፤ ማህደሩን እቦታው ትመልስና በሰላም ወደ ክፍሏ ትውረድ።

«አዎ፣ በሐሰት ፈርሜያለሁ» አለች። «አርባ አንድ ጊዜ። የፈረምኩት እርስዎ ለምነውኝ ነው፤ እሱን እንደማይጽፉት አውቃለሁ። የኔን ግን ይጻፉት። አንድ ሽማግሌ ዘጠኝ ጊዜ የተመላለሰው በኔ እጅ ነው። ይጻፉት።»

ጸሐፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የሰውየው ፊት ተለዋወጠ። እንግዲህ የእጅሽን ነው የምታገኚው አለና ለጸሐፊዋ ጻፊ አላት፤ ከወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ አንድ ገጽ ሙሉ አስጻፈ። ለሥራ ልምድ አስራ ዘጠኝ ቀን የታጣ ወረቀት ለማስጠንቀቂያ በአርባ ደቂቃ ተገኘ። ባለማህተሙ ከየትም ተፈልጎ መጣ። ቁጥር ተሰጠው፣ ቀን ተጻፈበት፣ ኃላፊው ወረቀቱን ሊቀደው እስኪደርስ ተጭኖ ፈረመ። ሲሰጣትም፣ በይ እንግዲህ አሁን ተወዳደሪ አላት።

ደረጃው ላይ ቆማ አነበበችው። ጥፋቷ እንዲከብድለት ብሎ እንዲህ አስጽፎበታል፤ «ላለፉት አስራ አንድ ዓመታት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ያለማቋረጥ ሲያገለግሉ የቆዩና የማህደር አያያዝን ከማንም በላይ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሆነው ሳለ…» ሌላውን አላነበበችውም። ሳቅ መጣባት። የመሥሪያ ቤቱን ሰርኩላር ሁሉ የምታስቀምጠው እሷ ናት፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከውጤት ላይ አምስት ነጥብ ይቀንሳል እንጂ ከውድድር አያስወጣም። አቶ ስብሰባ ግን ሰርኩላር ይፈርማል እንጂ አያነብም።

ለአስራ አንድ ሃያ ጉዳይ ላይ መመዝገቢያው መስኮት ደረሰች። መዝጋቢዋ ደብዳቤውን አነበበች፣ ቀና ብላ አየቻት፣ እንደገና አነበበች። እትዬ፣ ይሄ እኮ ማስጠንቀቂያ ነው አለቻት። እትዬ ማህደር ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። ልምዴን ይገልጻል፣ ማህተም አለው፣ የጻፈው መሥሪያ ቤቱ ነው፣ የቱ ጎደለ ብላ ጠየቀቻት። መዝጋቢዋ ማህተሙን አየች፣ ቁጥሩን አየች፣ ምንም አልጎደለም። ስትመዘግባት ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጋሪ ገፍታ ወጣች፤ ጸሐፊዋ በሩን ይዛላት የቀሩትን አርባ ማህደሮች አወረደች። ወዲያው ለአናጺው ደወለች። አባባ፣ ዛሬ ይምጡ አለችው። ሲመጣ ጥፋቱ የሷም እንደነበር አልደበቀችውም። ሽማግሌው ለጡረታው የሚፈልገውን ወረቀት ተቀበለ፣ ሳያመሰግናት ወጣ። ተረከዙ የተበላው ጫማ በመስኮቷ ሲያልፍ እስኪርቅ ድረስ አየችው። ምን አደረግሽልኝ ብሎ ያመስግናት?

ፈተናውን አንደኛ ወጣች፤ አምስቱ ነጥብ ተቀንሶባትም አንደኛ። ቋሚ ሆነች። የቅጥር ደብዳቤዋ ሲመጣ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሥራውን እስኪለምዱ ድረስ ለስድስት ወር በሙከራ ላይ ይቆያሉ።» ከአስራ አንድ ዓመት በኋላ! የሙከራ ውጤቷን የሚሞላውስ ማን ይመስላችኋል፣ ራሱ አቶ ስብሰባ ነው እንጂ። ደብዳቤውን ገጽ ቁጥር ሰጥታ ማህደሯ ውስጥ፣ ከማስጠንቀቂያው ኋላ አሰረችው።

በሳምንቱ አቶ ስብሰባ ምድር ቤት ወረደ፣ ማህደር ፈልጎ። ማህደሩን አወጣችለት፣ ካርዱን ከነእስክሪብቶው ፊቱ አስቀመጠችለት። ሰውየው ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«በኔና ባንቺ መሃል ደግሞ ካርድ ምን ያደርጋል፣ እህቴ?»

እትዬ ማህደር እጇን ከማህደሩ ላይ አላነሳችም።

«በሙከራ ላይ ነኝ» አለችው። «አሠራሩን እየለመድኩ ነው። ይፈርሙ።»

ፈረመ።