ጎረቤላ ዳገት ላይ የሰማሁት ድምፅ

ካቻምና ክረምቱ አልፎ የአንኮበር መንገድ እንደደረቀ የሆነ ነገር ነው። እስከ ዛሬ ከመኪና ኋላ የማላውቀው ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በዚያን ቀን እንደደነገጥኩት ደንግጬ አላውቅም፤ እንደዚያም ቀን ቀልሎኝ አያውቅም።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። መካኒክነት ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሸ ነገር እየፈታሁና እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ጋሼ ሰይድ የሚባሉ ነጋዴ ከጣሊያን ጊዜ የቀረች ትንሽ ካሚዮን አለቻቸው። ራሳቸው እየነዱ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር መካከል ጭነትና ሰው ያመላልሱባታል።

ካሚዮኗ ሜዳ ላይ ደህና ናት። ከጎረቤላ ወደ ደጋው የሚያወጣው ዳገት ላይ ግን አንደኛ ማርሽም አላወጣት ይል ነበር። ስለዚህ ተሳፋሪው እዚያ ሲደርስ ሳይነገረው ይወርዳል። ግማሹ ይገፋል፣ ግማሹ ድንጋይ ተሸክሞ ጎማውን ይከተላል። ሞተሩ ሲደክምና መኪናዋ ልትንሸራተት ስትል ድንጋዩን ከጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል። ከዚያ እንደገና መግፋት ነው።

የጋሼ ሰይድ እናት እማማ ዘይነባ ጎረቤላ ነው የሚኖሩት። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ዳገት በእግራቸው መውጣት አይችሉም። ደብረ ብርሃን ያለችው ልጃቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ወለደችና ሊጠይቋት ጋቢና ተሳፈሩ። ዳገቱ ላይ ሰው ወርዶ መግፋት ሲጀምር ግን፣ “ይህ ሁሉ ሰው እየገፋ እኔ ተቀምጬ አልሄድም፤ ነውር ነው” ብለው ወረዱ። በሰው ተደግፈው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሰይድ ቢልኩባቸውም፣ ቢለምኑም እሺ አላሉም። ሕፃኗ ዳዴ ማለት ጀምራ እንኳን አላዩዋትም ነበር።

ጋሼ ሰይድ ይህን ከነገሩኝ በኋላ፣ “መኪናዋን ነው የምትለውጥልኝ ወይስ እናቴን?” አሉኝ።

ዲፈረንሻሉን ብንቀይረው ይሻላል አልኳቸው። ዲፈረንሻል በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው፣ የሞተሩን ዙር ለጎማ የሚያቀብለው ጥርሳም ዕቃ ነው። በእሳቸው መኪና ከሞተር የሚመጣው ዘንግ አምስት ጊዜ ያህል ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። ጣርማ በር አጠገብ ተሰብራ የቀረች የዚያው ዓይነት ካሚዮን ነበረች፤ የተሠራችው ግን ለከባድ ጭነት ነው። ሄጄ ጥርሷን ስቆጥር ለአንድ የጎማ ዙር ዘንጉ ከስድስት ጊዜ በላይ ይዞራል። እንዲህ ያለው ዲፈረንሻል ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ይጨምራል።

“ሜዳ ላይ በጣም ትጮኻለች፤ እንደ ድሮዋም አትሮጥም” ብዬ አስቀድሜ ነገርኳቸው።

“ትጩህ” አሉ።

ገዝተውት መጡ። ፈትቼ በጋዝ አጠብኩት። የጥርሶቹን አገጣጠም ለማየት ጥላሸት በዘይት ለውሼ ቀባሁና አዞርኳቸው። የሚነካኩበት ቦታ የጥርሱ መሐል እስኪሆን ድረስ ከቆርቆሮ ስስ ቀለበት እየቆረጥኩ ከሥር አስገባሁ፤ ሲበዛ አወጣሁ፤ እንደገና ቀባሁ። ጋሼ ሰይድ መጥተው ሲያዩኝ፣ “አሁንም እየቀባህ ነው? ሙሽራ ነች እንዴ?” እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ሲያልቅ አብሬያቸው ጎረቤላ ወረድኩ። በማግስቱ ጠዋት ጤፍና ምስር ተጫነ፣ ሰውም ተሳፈረ። እማማ ዘይነባ ቤታቸው በር ላይ ቆመው ልጃቸውን፣ “ሰው የሚወርድ ከሆነ ከአሁኑ ንገረኝ” አሏቸው። ጋሼ ሰይድ ማንም እንደማይወርድ ማሉላቸው። እኔን ሳይጠይቁኝ ነው የማሉት። እማማም አምነው ጋቢና ገቡ።

ከተሳፋሪዎቹ አንዱ አቶ ማሞ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ነበሩ። በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ ራሳቸውም አያውቁትም።

“አንተ ነህ ማርሹን የቀየርከው?” አሉኝ።

“አዎ።”

“ዳገቱንስ ቀየርከው?”

ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ማሞ መጨረሻ፣ ከኋላው መዝጊያ አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ከጋቢናው ጀርባ ሆንኩ።

ዳገቱ ጀመረ። ጋሼ ሰይድ አንደኛ ማርሽ አስገቡ። ካሚዮኗ በቀስታ፣ ግን ሳትደክም መውጣት ጀመረች። ሰዎቹ ከልማዳቸው የተነሳ ከተቀመጡበት ብድግ ብድግ ይሉና መኪናዋ እየሄደች መሆኗን አይተው ይቀመጡ ነበር። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ያን ድምፅ ሰማሁ።

ቋ። ትንሽ ቆይቶ፣ ቋ። ከኋላ፣ ከታች ነው የሚመጣው። ጎማው በዞረ ቁጥር የሚመታ መሰለኝ።

ጥርስ ተሰብሯል አልኩ በሆዴ። የተሰበረ ጥርስ ሌላውን ይሰብራል። ዲፈረንሻሉ ዳገት ላይ ካለቀ ሞተሩ መኪናዋን ሊይዛት አይችልም፤ የዚያች ካሚዮን ፍሬን ደግሞ ያን ሁሉ ጭነት ዳገት ላይ ይዞ የሚያቆም አልነበረም። በግራችን ገደል ነው።

ካስቆምኩ ሰው ይወርዳል። ሰው ከወረደ እማማ ዘይነባ ይወርዳሉ፤ ዳግመኛም አይሳፈሩም። እጄን አነሳሁና መልሼ አወረድኩት። ድምፁ እንደገና ሲመጣ የጋቢናውን ጣሪያ በጡጫ ደበደብኩ።

መኪናዋ ቆመች። ትንሽ ወደ ኋላ ሸርተት አለችና አንዳች ነገር ያዛት። ሰዎቹ እየዘለሉ ወርደው ድንጋይ ፍለጋ ተበተኑ። እኔ ከሥር ገባሁ። ዲፈረንሻሉን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። የሚፈስ ዘይት የለም። ቀና ስል ከጎማው ሥር አንድ ወፍራም የወይራ ጉማጅ ተወትፎ አየሁ። በገመድ ከመኪናዋ ጋር ታስሯል።

“ይህን ማን አሰረው?”

“እኔ ነኝ” አሉ አቶ ማሞ፣ ያለ ምንም ኀፍረት። “ዳገቱ ሲጀምር ለቀቅኩት። ጎማውን እየተከተለ ይመጣል፤ ስትንሸራተት ይይዛታል። አንተ ማርሽህን እመን፣ እኔ እንጨቴን አምናለሁ።”

እንጨቱ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ሲጋጭ ነው የሰማሁት። እዚያው መንገዱ ላይ ተቀመጥኩ።

በዚህ መሐል የጋቢናው በር ተከፈተ። እማማ ዘይነባ አንድ እግራቸውን አውጥተዋል። “ወርዷል አይደል ሰዉ? መልሰኝ ሰይድ።”

“መኪናዋን ሊያዩ ነው እንጂ ሊገፉ አይደለም፣ እማዬ።”

“እንግዲያው ሁሉም ይሳፈር። አንድም ሰው ሳይቀር።”

ጋሼ ሰይድ ዞረው አዩኝ። መኪናዋ ያቺ ቦታ ላይ ከቆመች ተነሥታ አታውቅም፤ ባዶዋን እንኳን ተገፍታ ነበር የምትነሣው። ሰዎቹ እያመነቱ ተሳፈሩ። እኔ አንድ ድንጋይ አንሥቼ ጎማው አጠገብ ቆምኩ።

እማማ ዘይነባ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ “አንተስ ልጄ?” አሉኝ። “አንተ ራስህ ያላመንከውን እኔ እንዴት ልመነው?”

ድንጋዩን ጣልኩና ተሳፈርኩ። እማማ ዘይነባ “ቢስሚላህ” ሲሉ ሰማሁ። ጋሼ ሰይድ ነዳጁን ረገጡ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ለቀቁ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ከነጭነቷ፣ ከነሰዉ ተነሣች። ገመዱ ተወጠረ፣ እንጨቱም ቋ እያለ ተከተለ። ዳገቱ እስኪያልቅ ማንም አልወረደም። ደጋው ላይ ስንደርስ አቶ ማሞ ገመዱን ሰብስበው እንጨቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና፣ “ወጣች እኮ” አሉ።

ደብረ ብርሃን ስንገባ የእማማ ዘይነባ ልጅ ሕፃኗን ታቅፋ ቤቷ በር ላይ ቆማ ነበር። እማማ ዘይነባ በጋሼ ሰይድ ተደግፈው እስኪወርዱ እንኳን አልጠበቁም፤ ጋቢና እንደተቀመጡ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት። እኔ ዘይቱን ለማየት ብዬ ወደ መኪናዋ ጀርባ ዞርኩ።

ጣሪያውን በመደብደቤ አልቆጭም። ያን ድምፅ ዛሬም ብሰማ አስቆማለሁ። እማማ ዘይነባ አሁን በፈለጉ ጊዜ ይመላለሳሉ። በቀደም ጋሼ ሰይድ ሲያጫውቱኝ፣ እናታቸውን ዳገቱ ላይ ሲደርሱ እንቅልፍ እንደሚወስዳቸው ነገሩኝ። ይህን ስሰማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውስጤ የቀረው ትንሽ ፍርሃትም ለቀቀኝ።